ስንሻው ሞግዚት ሆነ ቢሉሽ እመኚያቸው

ጥሩወርቄ፣

ከተለያየን ሁለት ክረምት ገብቶ ወጣ። የመጀመሪያው እንዴት እንዳለፈ አላስታውስም። ሁለተኛው ግን ጣሪያችን በየት በየት በኩል እንደሚያፈስ አንድ በአንድ አሳይቶኝ ነው የሄደ። አንቺ እያለሽ ቤታችን የማያፈስ ይመስለኝ ነበር። ለካ ደመና ሲጠቁር ድስቱንም ሳፋውንም በየቦታው ታስቀምጪ የነበርሽው አንቺ ኖረሻል። አሁን እኔ አስቀምጣለሁ፤ ሁልጊዜ ግን አንድ ስንዝር እስታለሁ።

ደህና ነኝ። ይህን ስል እንደ ድሮሽ ቅንድብሽን ከፍ አድርገሽ አትይኝ፤ የምር ደህና ነኝ። ደህና የሆንኩበትን መንገድ ስነግርሽ ግን ሳትስቂ ስሚኝ። ወይም ሳቂ። ፍኖተ ሰላም ሁሉ ስቆ ጨርሷል፣ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ሽሮ መሥራት ተምሬያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሽሮዬ በቢላ የሚቆረጥ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ይታይሽ በአጥሩ በኩል ሽታው ሲደርሳቸው ዛሬ ደግሞ ምን ለኮስክ ይሉኛል። ዓይናቸው ደክሟል፤ አንዱን ጭራሽ አጥተውታል። አፍንጫቸውና አፋቸው ግን አንቺ እንደተውሻቸው ናቸው። የጌሾሽን ቁጥቋጦ ለራሳቸው ጠላ እየሸመጠጡ ነው፤ እኔም ዝም ብያለሁ፣ ቢያንስ ሲሸመጥጡ ሰው በግቢያችን ይገባል።

ጋሪውን አትጠይቂኝ። አንቺ በሄድሽ በዓመቱ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከማንኩሳ በቆሎ ጭኜ ስመለስ ጎማው ወልቆ ተገለበጠ። ፈረሳችን ዳማ ምንም አልሆነም፤ ተነስቶ አራግፎ እመንገዱ ዳር ሣር መጋጥ ጀመረ። እኔን በዳሌዬ ከአስፋልቱ ላይ ጣለኝ። ሐኪም ቤት ከርሜ በምርኩዝ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ጋሪ ላይ መውጣት ቀርቶ አልጋዬ ላይም የምወጣው ተመካክሬ ነው። ዳማን ለማንኩሳ ሰው ሸጥኩት። ሲወስደው አንድ ጊዜ ዞሮ እንኳ አላየኝም፤ ስንት ዘመን አብረን ፀሐይ የበላን ሰዎች! እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዳሌዬ በላይ ያ አሞኛል።

ከዚያ እቤት ተቀመጥኩ። ጠዋት በሩ ላይ፣ ከሰዓት ጓዳው አፍ ላይ። ዳማ የተሸጠበት እያለቀ፣ ዕቃችን እየሳሳ፣ ሬዲዮኑ ድንጋይ ሲያልቅበት እሱም ዝም እያለ ሄደ። አንቺ የምትቀመጪባት መደብ ፊት ለፊት አለች። አቧራዋን እጠርጋለሁ፣ አልቀመጥባትም። ከሰው ጋር የማወራው እትዬ ይታይሽ ሲሰድቡኝ ብቻ ሆነ፤ እሳቸው ገበያ በዋሉ ቀን ደግሞ የሚሰድበኝም የለም።

እንዲህ እያለሁ ነው ሴፍቲኔት የሚሉት ወደ ቀበሌያችን የመጣው። ነገሩ እንዲህ ነው። የተቸገረ ቤት ይመዘገባል። ጉልበት ያለው የጎርፍ ቦይ ይቆፍራል፣ ችግኝ ይተክላል፣ ለሥራው ይከፈለዋል። ደዌ ወይም እርጅና ያሰረው ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ይባልለታል፤ እቤቱ እንደተቀመጠ መንግሥት ይደጉመዋል። ታዲያ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት ኮሚቴው ቤት ለቤት ዞረ። ሰብሳቢው አቶ ምናለ ናቸው፣ እነዚያ ወፍጮ ቤት የነበራቸው። አብራቸው ማስተዋል የምትባል ልጅ አለች፤ ከማዘጋጃ ቤት የተመደበች፣ ሥራውን የምታስተባብር፣ ጨዋ ልጅ።

እትዬ ይታይሽ ዘንድ ሲገቡ በአጥሩ በኩል እሰማለሁ። ሴትዮዋ ሕመማቸውን ከራስ ጠጉራቸው ጀምረው ቁልቁል እየቆጠሩ ሲወርዱ፣ ጉልበታቸው ላይ ሳይደርሱ አቶ ምናለ ይበቃል እትዬ፣ ተመዝግበዋል አሏቸው።

ቀጥሎ የኔ ተራ ነበር። እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ጢሜን ተላጨሁ። አንቺ ያጠብሽውን፣ ለክብር ቀን ያስቀመጥሽልኝን ኮት ለበስኩ። ምርኩዜን ከበሩ ጀርባ ደበቅሁ። እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጸዳም? እኔም ራሴን አጸዳሁ። አንቺ ብትኖሪ እግሬን ረግጠሽ ዝም ታሰኚኝ ነበር፤ የሚረግጠኝ ስለሌለ ግን፣ ያቺ ልጅ መሥራት ይችላሉ ወይ ብላ በትሕትና ስትጠይቀኝ፣ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ ከዚህ እስከ ቡሬ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ አልኳት።

ብድግ ማለቱን አልኩ እንጂ መቀመጡን አላሰብኩበትም። ዳሌዬ እንደ ዛገ መቀርቀሪያ ቀጥ ብሎ ቀረ። ይቀመጡ ሲሉኝ ግድ የለም አልኩ። ደጋግመው ሲለምኑኝ እንግዳ ቆሞ ነው የሚስተናገድ አልኩ። አቶ ምናለ በጣም ደስ አላቸው። ይህን የመሰለ ጨዋና ብርቱ ሰው በቀበሌያችን መኖሩን አላውቅም ነበር ብለው፣ ከሥራ ወገን አስመዝግበውኝ ሄዱ።

እትዬ ይታይሽ ወሬ ሊጠይቁ ሲገቡ እዚያው እንደቆምኩ አገኙኝ። እንደ ጆንያ አስደግፈው ካስቀመጡኝ በኋላ የተናገሩትን እንዳለ ልጻፍልሽ። "ሰው መንግሥት ሲጠይቀው ያመመውን ይናገራል እንጂ፣ ጀግንነቱን ይናገራል?" አሉኝ።

ሥራው የተጀመረው ከከተማው ዳር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ከሰው ቤት የሚገባበት ሰፈር ነው። ከሠራተኛው የሚበዛው ሴት ነው። ማስተዋል ከሩቅ የሚያበራ ሰደሪያ ለብሳ አካፋና ዶማ አከፋፈለችን። እኔም አካፋዬን ይዤ ከቦዩ ወረድኩ፤ መውረድማ ማን ይከለክላል። አንድ አካፋ አፈር ለማንሳት ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ እንዳልኩም ቀረሁ።

መጀመሪያ አፈሩን የምመረምር መሰልኩ። ቆይቶ ከጎኔ የነበረች ሴት አያ ስንሻው ምን ጠፋዎ አለችኝ። ምን ልበላት? ቀለበቴ ወደቀ አልኳት። ጥሩዬ፣ ሰው እንዴት ደግ ነው! አንዷ ለአንዷ እየነገረች የቦዩ ሥራ ቆመ። አፈር በእጃቸው የሚያበጥሩ፣ ድንጋይ የሚገለብጡ፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ የሚሳሉ ሆኑ። የሟች ሚስቱ ቀለበት ነው እኮ ብላ አንዷ እንባ አመጣች። በመጨረሻ ማስተዋል መጥታ ከፊቴ ቁጢጥ አለችና፣ አያ ስንሻው፣ ቀለበትዎ ከጣትዎ ላይ ነው አለችኝ። እውነቷን ነበር። ምን ጊዜስ ወልቆ ያውቃል?

እንዴት እንደወጣሁ አልዘረዝርልሽም። ሁለት ሴት በብብቴ፣ ሁለት ሴት በወገቤ፣ አንዷ ከላይ በነጠላዋ ስባ ነው። ሳቃቸውን ለመያዝ ሲታገሉ ጉልበት እያጡ ሁለት ጊዜ መልሰው ጥለውኛል። ከዚያ ከዕቃ ሣጥኑ ላይ አስቀመጡኝ።

ማስተዋል አልሳቀችም። ለምን አልነገሩንም አለችኝ። ጤና ጣቢያ ወስዳኝ አስመረመረችኝ፤ ሐኪሙም ከባድ ሥራ አይነካም ብሎ ጻፈ። እሷም ስንመለስ የምሥራች እንደሚነግር ሰው ፊቷ በርቶ፣ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ወደ ቀጥታ ድጋፍ እናዛውርዎታለን፣ ከእንግዲህ ከቤትዎ መውጣት አይኖርብዎትም አለችኝ። አመሰገንኳት። በልቤ ግን ከቤትህ አትወጣም ማለት ወኅኒ ቤት ለገባ ሰው የሚነገር ነው እያልኩ ነበር። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ እዚያው ሥራው ቦታ ልቀመጥ ብዬ ለመንኳት፤ ፈቀደችልኝ። ጠዋት እየሄድኩ ከዕቃ ሣጥኑ ላይ እቀመጣለሁ። ቢያንስ ሰው ሲያልፍ እንደምን አደሩ ይለኛል።

እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ ነው ትሁን ላይ የደረሰውን ያየሁት።

ትሁን ከቡሬ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች የአገው ልጅ ናት። ባሏ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ወረደ፤ እዚያው ቀረ፣ ሞተም ኖረም ብሎ የሚነግራት የለም። ዓመት ያልሞላት ሶሊያና የምትባል ልጅ አለቻት። ዘመድ ስለሌላት አዝላት ትቆፍራለች፤ ዶማው በተነሳ ቁጥር የልጂቱ ጭንቅላት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ በወረደ ቁጥር ወደ ፊት ይመጣል። የኋለኛዋ ሴት ዶማ አንድ ቀን ለጥቂት ሳታት። ልጅ አዝሎ መቆፈር የተከለከለ ነው። ለዚህም ተብሎ ላስቲክ የለበሰች ዳስ ተሠርታ፣ ልጅ የምትጠብቅ ሴት ተመድባ ነበር። ሴትዮዋ ግን እናቷ ታመውባት አገሯ ገበዝ ማርያም እንደሄደች አልተመለሰችም። በቦታዋ የሚተካ ጠፋ፤ የሰው ልጅ ወድቆ ቢላጥ ከማን ጋር ልጣላ ትላለች ሁሉም።

ያን ቀን ማስተዋል ከብዷት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅሽን የሚይዝልሽ ካላገኘሽ ቦታሽን ለሌላ ለመስጠት እገደዳለሁ አለቻት። ትሁን አንቀልባዋን ፈታች፤ ዙሪያዋን ቃኘች። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። መጥታ ልጂቱን ከጭኔ ላይ አስቀመጠችና "አያ፣ ለትንሽ" ብላኝ ከቦዩ ወረደች።

እኔና አንቺ አልወለድንም። ክርስትና ቤት እንኳ ሕፃን ሲያቀብሉኝ እንደ ትኩስ ድንች ወደ አንቺ አሳልፍ እንደነበር ታስታውሻለሽ። አሁን ወደማን ላሳልፍ? ልጂቱ ፊቴን አየች፣ ጢሜን አየች፣ ከዚያ መንደሩ እስኪሰማ ጮኸች። አወዛወዝኳት፤ ባሰባት። እሹሩሩ አልኳት፤ ድምፄን ስትሰማ ጭራሽ ልቧ ሊወልቅ ደረሰ። የማባብለው በሕይወቴ አንድ ፍጡር ብቻ ስለነበር፣ እሱን የማባብልበትን አደረግሁ። ዳማ ሲደነብር እንደማደርገው ከንፈሬን ብርርር አደረግሁት።

ዝም አለች። እንባዋ ከጉንጯ ላይ ተንጠልጥሎ አየችኝ። ደግሜ አደረግሁት። ትንሽ እጇን ሰዳ የታች ከንፈሬን ጨበጠችና ሳቀች። ጥሩዬ፣ ከሄድሽ ወዲህ ሰው ፊቴን አይቶ ሲስቅ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ከቦዩ የወጣሁ ቀን የሳቁት አይቆጠርም።

በነጋታው ሌሎችም ልጆቻቸውን ወደ ዳሷ አመጡ። ሁሉም ግን አልወደዱትም። ማስተዋል ሴቶቹን ሰብስባ፣ አያ ስንሻው ለጊዜው ልጆቹን ቢይዙስ ብላ ስትጠይቅ ከኋላ አንዷ ተነሳች። ወንድ ልጅ ሲይዝ የት ታይቷል፣ ያውም ያልወለደ ሰው አለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የመሰላትን ነው የተናገረች። እኔ ግን ምርኩዜን ፈለግሁ፣ ልሄድ። ትሁን ከተቀመጠችበት ሳትነሳ "የወለደውማ ጥሎኝ ሄደ" አለች። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ እኔ እንድሞከር ተባለ።

ከዚያ ወሬው ከተማውን ዞረው። ጠላ ቤት የምታውቂያቸው የድሮ ባለጋሪዎች ሞግዚቷ መጣች እያሉ ወንበር ይለቁልኛል። አንዱማ ጡት ታጠባለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እትዬ ይታይሽ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ። እኔ እኮ አላገባሁም እትዬ፣ ልጅ ያዝኩ እንጂ ብላቸው፣ ያው ነው፣ የሰው ልጅ አይደል የምታሳድገው ብለው ተመለሱ።

አፍሬ ለንስሐ አባታችን ልነግራቸው ሄድኩ። ቅኔ ነፍሳቸው እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ቀጥ አድርገው አይናገሩም። ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ጢማቸውን ይዘው ቆዩና "እንግዲያማ ስምህ ዛሬ ተፈታ፤ ስንሻው ተገኘ" አሉኝ። እቤቴ እስክደርስ አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም ዕድሜዬን ሙሉ ስጠራበት፣ ለካ ፈላጊ ነበር የጎደለኝ።

አሁን ሥራዬን ልንገርሽ። ከባዱ ነገር ስማቸው ነው። የእኛ ጊዜ ልጅ በላይ ይባላል፣ እንጉዳይ ይባላል፣ አለቀ። የዛሬዎቹ ናሆም፣ ሶሊያና፣ ኤልዳና ናቸው። አንዱን ወንድ ልጅ ስሙ ምላሴን ስለሚያስቸግረኝ ቦራ እለዋለሁ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት አለበት። እናቱ መጀመሪያ ቅር አላት፤ አሁን ራሷም ቦራ ትለዋለች፣ በስሙ ሲጠሩት ስለማይሰማ።

እግር የተከሉትን ሮጬ አልይዛቸውም። ስለዚህ ከዳማ የተረፈችውን ረጅም ገመድ አመጣሁና በየመካከሉ ቋጠርኳት። እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ቋጠሮ ይይዛል። ከፊት እኔ በምርኩዜ፣ ከኋላ እነሱ፤ ውኃ ልንጠጣ ስንሄድ ተሰልፈን ነው። መጀመሪያ ቀን አንዷ እናት ልጆቻችንን እንደ ከብት ጠለፋቸው ብላ ጮኸች። ልጇ ግን ቋጠሮውን አልለቅም ብሎ እቤትም ይዤው ልሂድ ሲል ዝም አለች።

የመጣው ጣጣ ሌላ ነው። ስሄድ ቼ እላለሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ። ልጆቹም ቼ አሉ። የቦራ አባት አንድ ቀን ማስተዋል ዘንድ ሊከሰኝ መጣ፤ ልጄ እቤት ሲገባ ትከሻዬ ላይ ወጥቶ ቼ ይለኛል፣ ካልሄድኩለት ይገርፈኛል አለ። ማስተዋል እኔን መምከር ስትጀምር አፏን በእጇ ይዛ ወደ ሌላ ዞረች። ከዚያ ወዲህ ቼ ማለት ለመተው እየጣርኩ ነው። እነሱ ግን አልተዉም።

ሶሊያና ለመተኛት እናቷ በአገውኛ የምታዜምላት ነገር አለች። እኔም ከትሁን አፍ እየሰማሁ አጠናሁት፤ ትርጉሙን አላውቅም፣ ዜማው ግን መልካም ነው። ልጂቱ በሱ ትተኛለች። አንድ ቀን ትሁን ውኃ ልትጠጣ መጥታ ስዘፍን ሰማችኝና ከዳሷ ምሰሶ ላይ ተደግፋ እስኪያማት ሳቀች። ልጄ ተኚ ነው የሚለው፣ እርስዎ ግን ጥጃውን እሰሩት እያሉ ነው አለችኝ። ከተዋወቅን ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበርና፣ ቃሉን ሳላርመው ተውኩት።

እንዲህ እያልን ኮሚቴው ተሰበሰበ። እትዬ ይታይሽ ዳግመኛ ጀግንነት እንዳታወራ ብለው ምርኩዛቸውን እያንኳኩ አብረውኝ መጡ። አቶ ምናለ የሐኪሙን ጽሑፍ አይተው፣ ቡሬ ደርሰው የሚመለሱት ሰውዬ እርስዎ ነዎት አይደል አሉኝ። አዎ አልኳቸው። እንግዲህ ሐኪም አይችሉም ካለ አይችሉም፣ ቀጥታ ድጋፍ ይግቡና ይረፉ፣ ልጆቹን ለመያዝ ሴት እንፈልጋለን አሉ። ማስተዋል ቀላል ሥራም ሥራ ነው ብላ ተከራከረች። አቶ ምናለ በጎ ሰው ናቸው፤ ግን ሰው ወይ ይችላል ወይ አይችልም፣ ሁለቱንም እንዴት ይሆናል እያሉ ግራ ገባቸው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው፣ እስኪ እርስዎ ይንገሩን፣ መሥራት ይችላሉ አይችሉም አሉኝ።

ኮቴን አልለበስኩም ነበር። ከመቀመጫዬም አልተነሳሁም። "ጎንበስ ማለት አልችልም። ዕቃ ማንሳት አልችልም። ቡሬ ቀርቶ ገበያ አልደርስም" አልኳቸው። ይህን ካልኩ በኋላ ማቆም ነበረብኝ፤ ግን ወጣልኝ። "ልጅ መያዝ እችላለሁ። እቤት ብቻዬን መቀመጥ ግን አልችልም። እሱም ደዌ ከሆነ ጻፉልኝ።"

አቶ ምናለ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ይህን ያህል ራቁቴን ሆኜ አላውቅም፤ በቦዩ ውስጥም ያን ያህል አላፈርኩም። ያን ጊዜ እትዬ ይታይሽ ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ጻፉለት ልጆቼ፤ ከሽሮው ጋር ሲያወራ በአጥሩ እሰማዋለሁ" አሉ።

ማን መጀመሪያ እንደሳቀ አላውቅም፤ እኔ ሳልሆን አልቀርም። አቶ ምናለ ስቀው ሲያበቁ እንባቸውን ጠረጉ፤ የሳቅ ይሁን የሌላ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም ባለፈው ዓመት ሚስታቸውን ቀብረዋል። ቀላል ሥራ ተብሎ ይያዝ፣ ስንሻው ከልጆቹ ጋር ይቆዩ ብለው ወሰኑ። እኔ ሳልጠይቃቸውም አንዳንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ብገባ ቅር ይልዎታል ወይ አሉኝ። ይምጡ አልኳቸው። አሁን ይመጣሉ፤ ቦራ ትከሻቸው ላይ ይወጣል፣ እሳቸውም ይሄዳሉ።

ቦዩ አልቋል። ጎርፉ ዘንድሮ በሱ በኩል ወርዶ ሰፈሩን ሳይነካ አለፈ። አሁን ከወንዙ ዳር ችግኝ እየተተከለ ነው፤ ዳሷም አብራን ተዛውራለች። ትሁን ቦታዋን አላጣችም። ይህ ሥራ ሲያልቅ የምትነግደውን ነገር ማስተዋል እያስጠናቻት ነው። ድንች ቅቅል ትላለች አንድ ቀን፣ ሌላ ቀን ልብስ ትላለች። ሶሊያና ቆማ ሄዳለች፤ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ምርኩዜ ነው። ወደ እኔ ነው ብዬ ለሰው አወራሁ፤ ላንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው።

አሁን ያንቺን ነገር ልንገርሽ። የሙት ዓመትሽ ሁለተኛው ደረሰ። አንደኛውን ሐኪም ቤት ተኝቼ ሳለሁ ስላለፈ አላደረግሁልሽም፤ ለዘንድሮውም ድግስ የሚባል አቅም የለኝም። የንስሐ አባታችንን ሳማክራቸው፣ ቆሎም ንፍሮም ነፍስ ይማርን ያስብላል፣ የሚለው አፍ ንጹሕ ይሁን እንጂ አሉኝ። እትዬ ይታይሽ ባቄላና ስንዴ ቀቀሉልኝ፤ የኔን እሳት አላመኑትም። በሳፋ ይዤ ከዳሷ ሄድኩ። ልጆቹን ዙሪያውን አስቀምጬ ጥሩወርቅ የምትባል ሚስት ነበረችኝ ብዬ ነገርኳቸው። ሳቅሽን፣ ጋሪው ላይ ከጎኔ ተቀምጠሽ ዳማን ከኔ የበለጠ ታዢው እንደነበር፣ ድስት አቀማመጥሽን ነገርኳቸው። ምን ያህል እንደገባቸው አላውቅም። ከዚያ አንድ አንድ እፍኝ ልሰጣቸው ስል፣ ስትቀበሉ ነፍስ ይማር በሉ አልኳቸው።

አሉ። ነፍት ይማይ ያለ አለ፣ ነፍ ይማ ያለ አለ፣ ሶሊያና ማ ብቻ አለች። ቦራ ግን ነገሩ ቶሎ ገባው፤ ነፍስ ይማር ባለ ቁጥር ንፍሮ እንደሚሰጠው አየ። የጨበጠውን ውጦ መልሶ እጁን ዘርግቶ ነፍስ ይማር አለኝ። ሰጠሁት። ሌሎቹም አዩት። ሳፋው ባዶ እስኪሆን ድረስ እየተጋፉ፣ እየጮኹ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጡ ነፍስሽን አስማሩት። ሰማይ ላይ ረብሻ ተነስቶ ከነበረ ምክንያቱ እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ እናቶቻቸው እቤት ዳቦ ሲቆርሱላቸው ልጆቹ ነፍስ ይማር ይላሉ። የቦራ አያት ከረሜላ ሲሰጡት ፊታቸው ላይ ነፍስ ይማር ብሏቸው፣ እኔን ቆሜ ሳለሁ ሊቀብሩኝ ነው ብለው ከሰሱኝ። ማስተዋል እንዲተዉት ያስተምሯቸው ብላኛለች። እሺ ብያታለሁ፤ ማስተማሩን ግን አልጀመርኩም።

እኔ አንቺን ለመርሳት ዕድል የለኝም፣ ጥሩዬ። ቢያዘናጋኝ እንኳ ንፍሮ ያየ ልጅ ሁሉ ያስታውሰኛል። የሚቀጥለው የሙት ዓመትሽ ሲደርስ ሳፋው ተለቅ ያለ እንዲሆን ከወዲሁ ነግሬ አስጠብቄያለሁ፤ እትዬ ይታይሽም ባቄላውን መልቀም ጀምረዋል፣ ባንድ ዓይናቸው።

ባልሽ ስንሻው፣ ከፍኖተ ሰላም።